ፊት የሌለው ፎቶ፦ ከአንድ የጎጃም ትምህርት ቤት የፎቶ ክፍል

ፎቶው አስር በአስራ አምስት ነው። አንዲት አያት በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ነጠላቸው ከመንጣቱ የተነሳ ጥለቱ አይለይም። ፊታቸው ድፍን ጥቁር ነው። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም። ሰሌዳው ላይ በፕላስተር ስለጥፈው ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ኧረ ሴትዮዋ ፊት የላቸውም!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «አዎ፣ ይሄ ተበላሽቷል። ቀጣይ!» አልኩና አለፍኩ።

ፎቶውን ያነሳችው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም ሁለት ቅዳሜ ቀረች።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማይርቅ ከተማ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስለሆነ ስሙን ማንሳት ምንም አይፈይድም። እኔ ፎቶ አንሺ እንጂ መምህር አይደለሁም። ጉርድ አነሳለሁ፣ ሰርግ አነሳለሁ፣ ሰኔ ሲገባ ተመራቂ አነሳለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የሚመራው የአማርኛ መምህር የድሮ ደንበኛዬ ነው። አንድ ቀን ጉርድ ሊነሳ መጥቶ፣ «ልጆቹ በሰልፍ ሰዓት ዜና ያነባሉ፣ ግጥም ያነባሉ። ፎቶ የሚያሳያቸው ግን አጡ። ለምን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ አትልም?» አለኝ። እሺ አልኩ። ከባድ አልመሰለኝም።

19 ልጆች ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ የዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ያለን ዕቃ የእኔ አሮጌ ካኖንና 7 ስልክ ነው። ስልኩም ጣጣ ነበረው። ግቢ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ለቅዳሜ ብቻ ርዕሰ መምህሩን ለምነን አስፈቀድን። ክፍሉ ውስጥ ያለው ፕላዝማ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ልጆቹ የመረጡትን ፎቶ እኔ ቤት አትሜ አመጣና ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። በኋላ ሳስበው የፕላዝማው መሞት በጅቶናል። ስክሪን ላይ ያለ ፎቶ በጣት ተገፍቶ ያልፋል። የታተመው እዚያው ተለጥፎ ይጠብቅሃል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ «የምትወዱትን አንስታችሁ ኑ» የሚል ነበር። መስከረም መጨረሻ ነው። 11 አደይ አበባ መጣ። ሦስት የፀሐይ መጥለቂያ መጣ። መነጽር ያደረገ ልጅ የቆመ አይሱዙ ተደግፎ መጣ። አንዱ ከአጎቱ ጋር ደጀን ወርዶ የአባይን ድልድይ አንስቷል፤ ግማሹን ሲኖትራክ ሸፍኖበታል። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። «የምትወደውን» ተብሎ የታዘዘ የ15 ዓመት ልጅ ፌስቡክ ላይ ያየውን ፎቶ ደግሞ ያነሳል። እኔም በዚያ ዕድሜ ያንኑ ነበር የማደርገው። ከዚህ ሁሉ መሀል ማንንም ያልመሰለው የአያትየው ፎቶ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ጥቁሩን ፊት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እርማት 40 ደቂቃ ፈጀ። ለአንድ ፎቶ ሁለት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። «እንዴት ነው?» ስላቸው «ቆንጆ ነው» ይላሉ። ቀጣዩንም «ቆንጆ ነው»። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» እንደማለት፣ ተብሎ የሚታለፍ ነገር ሆነ። በጓደኛ ሥራ ላይ በሰው ፊት ክፉ መናገር ነውር ነው፤ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ የሌላቸው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የእነሱ እርማት ደግሞ ሳቅ ነው። እኔ እንደ ፎቶ ቤት ሰው ፈረድኩ። ይሄ አጋድሏል፣ ይሄ ጨልሟል፣ ይሄ ተንቀጥቅጧል። ደንበኛ የሚጠይቀኝ መቼ እንደሚደርስለት ነው፤ ፎቶው ለምን እንዲህ እንደሆነ ማስረዳት አልለመድኩም።

ልጅቷ መቅረቷን ያስተዋልኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ፎቶዋን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ፊቱን ማዳን ይቻል እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። አልተቻለም። ግን ሳጎላው ሌላ ነገር አየሁ። አያትየው ቀኝ እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ አንስተዋል። ግራ እጃቸው ባዘቶ ይዟል። በሁለቱ እጆች መሀል ክር ተወጥሯል፤ ጫፉ ላይ እንዝርቱ ተንጠልጥሏል። ከኋላ ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ አለ። የበሩ ብርሃን ያቺን ቀጭን ክር ብቻ ነክቷት ጥቁሩ ላይ በምላጭ የተጫረች መስመር ትመስላለች። ፎቶው የክር ፎቶ ነው። እኔ ፊት ስፈልግ አመለጠኝ። ዕድሜዬን ጉርድ ሳነሳ ኖሬ ምን ላድርግ።

ለአማርኛ መምህሩ ነገርኩት። እሱ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር እንዲህ ያለ መምህር ማግኘት አይገርምም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና «አንተ ገና በመጀመሪያው ቀን መወድስ ነው ያዘዝካቸው» አለኝ። ለማያውቅ ሰው፦ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ ነው። እሱን ሳይለምድ ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም። መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ እዚያ የሚደረሰው ብዙ ከታረሙ በኋላ ነው። እኔ ልጆቹን ዓለምን በሙሉ አንሱ ብዬ ለቅቄያቸዋለሁ።

ስለዚህ ቀጣዩ የቤት ሥራ እንዲህ ሆነ። አንድ በር ምረጡ። ሁለት ፎቶ ብቻ አምጡ። አንዱን ውጭ ቆማችሁ ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጭ። ሦስተኛ ፎቶ ያመጣ አይታይለትም። አንዳንዶቹ አኮረፉ። «በር ምን አለው ቲቸር?» የሚል ነበር። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የአንዱ ፎቶ ከሌላው ተለየ። የቆርቆሮ በር፣ የጠላ ቤት መጋረጃ፣ የወፍጮ ቤት በር ዱቄት ለብሶ። ሁሉም አንድ ችግር ይዘው መጡ፦ ከውስጥ ሲነሳ ቤቱ ይጨልማል፣ ከውጭ ሲነሳ ውስጡ ጉድጓድ ይሆናል። እኔ ሳላስተምር ጥያቄውን እነሱ አመጡት።

መምህሩ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ እሱ ግን አልሠራም። «ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ?» ብለህ ጠይቃቸው አለኝ። ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥሩ ነበር። በሁለተኛው አንድ ልጅ የተሰበረ ወንበር አነሳና «ሰሙ ወንበር፣ ወርቁ ሥልጣን» አለ። አንዷ የእናቷን ጀበና አመጣች፤ ወርቁ ኢትዮጵያ ነው። ሌላው የራሱን ጫማ አነሳ፤ የሱም ወርቅ ኢትዮጵያ ነው። ከዚያ በኋላ ወርቅ ያልሆነ ነገር ጠፋ። ፎቶውን ማየት ትተው ትርጉም ይደረድራሉ። ሰምና ወርቁን በሦስተኛው ሳምንት ከለከልኩ። መምህሩ ትንሽ ቅር አለው፤ ሁለቱን ቤት፣ ማለትም የሁለት ፎቶውን ሕግ፣ ግን አቆየሁለት።

ለእርማቱም ሕግ አወጣን። ስም የሌለው ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲሰጡኝ ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለ ፎቶው ሳይሆን ስለ አንዲት ልጅ መልክ የተጻፈ ስድብ አገኘሁ። ወረቀቶቹን ቀድጄ ጣልኩ፤ በዚያው ቀረ። የጸናው ሌላ ነው። የፎቶው ባለቤት አፉን አይከፍትም። ሌላው የሚታየውን ብቻ ይናገራል፤ ጥሩ መጥፎ አይባልም። «ቆንጆ» ወይም «አሪፍ» ያለ አንድ ብር ይከፍላል። ብሩ ቆሎ ይገዛበታል። ቆሎውን በአብዛኛው የገዛሁት እኔ ነኝ፤ አፌ አልታረም አለኝ።

አንድ ቅዳሜ የነበረውን ላስነብባችሁ። ፎቶው የሊስትሮ ልጅ ነው።

«ምን ይታያል?»

«ልጅ።»

«ሌላ?»

«ሳጥን። ብሩሽ።»

«ሌላ?»

ዝም አሉ። ከዚያ ከፊት ወንበር፦ «ቲቸር፣ የመብራት እንጨት ከጭንቅላቱ ላይ በቅሏል።»

ሁሉም ሳቁ። ያነሳውም ልጅ ሳቀ። ማንም ተበላሸ አላለውም፤ እንጨት ታየ ነው የተባለው። የመናገር ተራው ሲደርስ «ሳነሳ እኮ አላየሁትም» አለ። ይችን ዓረፍተ ነገር በዚያ ዓመት ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብሎ አንስቶ መጣ። እንጨቱ ከልጁ ጎን ቆሟል።

ነጥብ ሌላው ጣጣችን ነበር። ክበብ ውስጥ ነጥብ የለም። ልጆቹ ግን «ቲቸር ስንት አገኘሁ?» ማለት አይተዉም። አንድ ሰሞን ከአስር መስጠት ጀመርኩ። ወዲያው ሁሉም የዘጠኙን ልጅ ፎቶ መቅዳት ጀመሩ። ተውኩት።

የገበያው የቤት ሥራ በጠብ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ገበያው የሚደምቀው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ የሚከፋውም ያኔ ነው። ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ ግንባር ያበራል፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ልጆቹን «ጃንጥላ የያዘ ሰው ፈልጉ፤ ከጥላው ሥር ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው» ብዬ ላክኋቸው። የብርሃኑን ነገርኩ እንጂ የሰዉን አልነገርኩም። አንዱ ቅቤ የሚሸጡ ሴትዮ ላይ ስልኩን ደቅኖ ሦስት ጊዜ አነሳ። «አንተ! ምን ልታረግበት ነው? ማን ፈቀደልህ?» ብለው ስልኩን ቀሙት። አንድ ሰዓት ሙሉ ለመንን። በመጨረሻ ሴትዮዋን ያለዘባቸው ፎቶው ታትሞ ይመጣልዎታል የሚለው ቃል ነው። አትሜ ወሰድኩላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የቅቤ ተራው በሙሉ ነጠላውን አስተካክሎ ጠበቀን። ለ14 ሰው በነጻ አትሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ ያነሳ ፎቶ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ፎቶዋን ሃያ በሠላሳ አድርጌ አተምኩትና በመምህሩ እጅ ላክሁላት። መልእክት አልጨመርኩም፤ ምን እንደምል አላወቅሁም። ቅዳሜ መጣች። ከኋላ ተቀመጠች። ትልቁን ፎቶ ራሷ ይዛው ስለነበር ተቀብዬ ለጠፍኩት። ምን ይታያል? ነጠላ። በር። እንዝርት። ያኔ የሳቀው ልጅ «ክር» አለ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ሄደ? ግማሹ ነጠላው ጋ፣ ግማሹ ክሩ ጋ። ተራዋ ሲደርስ ቀስ ብላ፣ «እኔ ክሩን ነበር የማየው። የእምየ ፊት መጥፋቱን ታትሞ ሳየው ነው ያወቅሁት» አለች። እውነቷን ነው። አስባበት አላጨለመችውም። ግን ያየችውን አይታለች። ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም አልኳት፣ በልጆቹ ፊት። መልስ አልሰጠችም። «ድጋሚ ላንሳው?» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ካሜራው ትንሽ ልበል። ካሜራ አያይም፤ ይለካል። ከፊቱ ያለው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ያስባል። ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው። ነጭ ነጠላና የበር ብርሃን ሲገጥመው በዛ ይልና ሁሉንም ያወርደዋል። ጠይም ፊት አብሮ ይወርዳል። እኛ ነጭ የምንለብስ ጠይም ሰዎች ነን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሕዝቡን ያነሳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በፊልም ዘመንም ነገሩ ለእኛ አልተሠራም። የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚሏት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ኩባንያው ቡናማውን ማሻሻል የጀመረው፣ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሻጮች ዕቃችን በፎቶ በትክክል አልወጣም ብለው ካማረሩ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ለእኛ ፊት ቸኮሌት አማለደን ብለን ስቀናል።

ልጅቷ ሁለተኛውን ስታነሳ ስክሪኑ ላይ የአያቷን ፊት ነካች። ስልኩ በዚያ ለካ። ፊት ወጣ፣ ሽብሽቡ ሳይቀር። ግን ነጠላው በብርሃን ነደደ፣ ጥቁሩ ግድግዳ አመድ መሰለ። ክሩ ጠፋ። ክፍሉ «አያት፣ ፊት፣ ነጠላ» አለ። ክር ያለ አንድም ሰው የለም። ሳልነግራት ፎቶውን ነቅላ ያዘች።

ለሦስተኛው አብረን አሰብን። አያትየው ከደፍ ላይ ተነስተው በርጩማቸውን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይሳቡ። በሩን በጎናቸው ያድርጉት። በጨለማው በኩል ወንድሟ ንጹሕ ነጠላ ዘርግቶ ይያዝ፤ ብርሃኑ ነጠላው ላይ ነጥሮ ወደ ፊታቸው ይመለሳል። ከከተማ ገዝተን የምናመጣው የብርሃን መመለሻም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። ሠራ። ፊትም አለ፣ ክርም አለ፣ ግድግዳው ጥቁር ነው። ነገር ግን አያትየው ፎቶ እንደሚነሱ ሰምተው የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። አዲስ ሻሽ አስረዋል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንዝርቱን እንደ ጧፍ ይዘውታል። ከመሀል «ክሩ ረግቧል» የሚል መጣ። እውነትም ረግቧል። ማንም እየፈተለ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ምንም አላመጣችም። አልጠየቅኋትም። ከሰዓት ከሰዓት አያቷ ጋ ቁጭ ብላ ጥጥ ትለቅም ነበር አሉ። አራተኛውን ያነሳችው በዚያ መሀል ነው፣ ስልኩን የበሩ መቃን ላይ አስደግፋ። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ስልኩ ብርሃን እስኪጠግብ ይቆያል፤ እጅ ከተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል። የአያትየው ቀኝ እጅ ጭስ ሆኗል። ግድግዳው፣ በርጩማው፣ ጎንበስ ያለው ፊት ጥርት ብሏል። ክሩ ከጭሱ ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል። በመስከረም ቢሆን «ተንቀጥቅጧል፣ ቀጣይ!» እል ነበር።

በዚህ ፎቶ ላይ ሙሉ ሰዓት ተከራከሩ። ለቆሎው ስድስት ብር ገባ። ግማሾቹ አራተኛው ይበልጣል አሉ፤ እጁ ሲሠራ ይታያል። የቀሩት በመጀመሪያው ጸኑ። ያኔ የሳቀው ልጅ ዋናው ሟጋች ነበር። «በአራተኛው መጀመሪያ ፊታቸውን ነው የማየው። በመጀመሪያው ሌላ የማየው ስለሌለ ክሩን አየሁ» አለ። እኔ ወደ አራተኛው አዘነብላለሁ፤ አልነገርኳቸውም። አልተስማሙም፣ ደወል ተደወለ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ኮሪደሩ ላይ ሰቀልን። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ፎቶ ብቻ። ልጅቷ የመጀመሪያውንና አራተኛውን ጎን ለጎን ሰቀለች። አያትየው በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። ፊት የሌለውን አዩት። እጁ ጭስ የሆነውንም አዩት። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻ ቃኙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ በቀሚሱ የተነሳሁትሳ የታለ?»

ሰኞ አትሜ ሰጠኋቸው። ፎቶውን በነጻ ወሰዱ፤ ፍሬሙን ግን ከፍለው።